ሰባት ቁጥር

ስምንት ኮምፒውተር አለኝ፣ ሳንቲም የሚጎርሱ፣
ለአንዲት ፔሶ አምስት ደቂቃ የሚመልሱ፤
ሞሎ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ በታች።
የጠዋት ፈረቃ ልጆች
ሳንቲሙን በላባቸው አሙቀው ይመጣሉ።
ሰባቱ እሺ ይላሉ።

ሰባት ቁጥር ግን አሥር ሰዓት ሲል፣ ልክ አሥር፣
ጦርነቱ ሲግል፣ ጠላት ሲከበብ ከግንቡ ሥር፣
ድርቅ።
ሰይፉ አየር ላይ ቀርቶ፣ ፈረሱ አንድ እግሩን አንስቶ፣
ድምፁ ብቻ «ድ-ድ-ድ» ይላል፣ እንደ ተንተባታቢ ተቆጥቶ።
«ማኖንግ ክሪሳንቶ! ደረቀብኝ!» ይጮሃል ሬኒየል፤
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እንደ አራጣ አበዳሪ ይሟገተኛል።
«ሦስት ፔሶዬ ገና አላለቀም፣ ቁጠርልኝ» ይላል፤
ከኪሴ እከፍላለሁ። ጎረቤቱ ልጅ ያየኛል፤
ነገ እሱም ደረቀብኝ ይላል።

ሆዷን ከፈትኩ። አቧራ፣ የጉንዳን ሬሳ፣ የከረሜላ ወረቀት፣
አንዲት የእንሽላሊት እንቁላል፣ ነጭ፣ እንደ ኪኒን የቀለለች ነት።
እንቁላሏን በማንኪያ አንስቼ መስኮቱ ላይ አኖርኩ፣
የደረቀውን ቅባት ፍቄ ቀባሁ፣ ማራገቢያ ቀየርኩ።
ስልሳ ሁለት ዲግሪ፤ ትኩሳት የላትም።
አሥር ሰዓት ሲል ደረቀች። ቃሏን አታጥፍም።

ራሙን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ ፈተግሁ፣
ከሦስት ቁጥር ራም ጋር አለዋወጥሁ፤
ሦስት ቁጥር አልታመመችም፣ ሰባት ቁጥር አልዳነችም።
ዊንዶውሱን እንዳዲስ ጫንኩ፤ ምስጋና የለ፣ ምንም።
የአጎቴ ልጅ ኤልፒዲዮ፣ ከመርከብ ሥራ የተመለሰ፣
«ግራፊክስ ካርዱ ነው» ብሎ ሳይከፍት ፈረደ፣ ቢራዬንም ጨረሰ።
የካርዱ ዋጋ የሁለት ወር ኪራይ ነው።

ሌሊት ብቻዬን ተጫወትኩባት፣ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ፣
ገደልኩ፣ ሞትኩ፣ ሦስት ግንብ እስኪፈርስ፤
ውልፍት አላለችም። በሽተኛ
ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ይሻለዋል የሚሉት እውነት ነው ለካ።

ሊጋያ፣ ሚስቴ፣ ሩዝ እየለቀመች፦
«ማሽኗን ተዋት፣ ሰዓቱን ጠይቅ» አለች፤
«በሽታ ሰዓት አይቆጥርም፤
ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው።»

በማግስቱ ወንበር ስቤ፣ ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ፣
አምፖሉን አየሁ፣ አፌን ከፍቼ።
መስኮቱ ላይ ቅርፊት ብቻ፤ እንቁላሏ ተፈልፍላለች።
የከሰዓት ፈረቃ ደወል ተደወለ።
አምፖሉ ዓይኑን ጨፈን፣ ከፈት አደረገ፤
ከግድግዳው ማዶ ግርርር የሚል ሞተር ጀመረ፤
ከኋላዬ ሬኒየል፦ «ማኖንግ!»

ማዶ ማናንግ ፑሪታ ናት፣ በረዶ ፈጪዋ፣
በወተት፣ በባቄላ፣ በሐምራዊ ድንች ሃሎ-ሃሎ ሻጭዋ።
ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፤
የሷ ሞተርና የኔ ሰባት ቁጥር ከአንድ ጡት ይጠባሉ፣ ያለ ይሉኝታ፣ ያለ ውል።
ጨዋታ ላይ ጥማቷ ይብሳል፤ ሞተሩ ሲጎነጭ ቮልቴጁ ይወድቃል፤
ለአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጠብታ አይተርፍለትም፣ ይታነቃል።

«ማናንግ፣ በረዶሽ ማሽኔን አደረቃት» አልኳት።
«በረዶ ያረጥባል እንጂ መቼ ያደርቃል?» ብላ ሳቅ አፈናት።
ከዚያ ወደ ሽቦው ቀና አለች፤ ሳቋን ገታች፤
«ኤውሎሂዮ ነው የዘረጋው፤ ያኔ ቤቱ አንድ ነበር፤
ግድግዳው የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው» አለች።
አንድ ብርጭቆ አቀበለችኝ። ቆሜ ጨረስኩ። ሽቦውን ቁረጪ አላልኳትም።

ስታብላይዘር ውድ ነው። ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ተስማማን፦
ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት ሦስት ጊዜ ታንኳኳልን።
ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
ሬኒየል ሰይፉን ይሰግባል፣ ፈረሱን ከዛፍ ያስራል፤
ጠላቱ፣ ስድስት ቁጥር ላይ፣ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል።

ስታብላይዘሩ ነሐሴ ላይ መጣ፤ ማንም ሳያይ ገጠምኩት።
አሁን አምፖሉ ቢርገበገብም ሰባት ቁጥር ግድ የላት።
ማናንግ ግን ታንኳኳለች፤
ልጆቹም ተነስተው፣ ሳንቲም ካላቸው በረዶ፣
ከሌላቸው ደጃፏ ላይ ቆመው ሞተሩን ያያሉ።
እስካሁን አልነገርኳቸውም።